የፓንዲያ ስምና የእኔ ሰባት ቤት

ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ ውስጥ ስፓዛ አለኝ፤ እዚህ የሰፈር ሱቅ የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ሩዝና ቅመም የምገዛው ጆሃንስበርግ ከተማ ካሉ የታሚል ዘር ሽማግሌ መደብር ነው። አንክል እላቸዋለሁ፤ እዚህ አገር የህንድ ሽማግሌ በስሙ አይጠራም። በተዋወቅንባቸው ዓመታት ሁሉ ሻይ ሳያጠጡ አሰናብተውኝ አያውቁም። ያደረግኩባቸውን ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ያን ቀን ሴት ልጃቸው ሒሳብ መቀበያው ጋ ተቀምጣ ለልጆቿ የምታስቀምጠውን የቤተሰባቸውን ታሪክ ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር። አንክል የቤተሰባቸው ስም ፓንዲያ እንደሆነ፣ ፓንዲያ ደግሞ በደቡብ ህንድ ማዱራይን ይዘው ለረጅም ዘመን የገዙ የጥንት ነገሥታት ቤት ስም እንደሆነ አጫወቱኝ።

«ትርጉሙስ?» አልኳቸው።

«አንዳንዱ በታሚል ‹ጥንት› ከሚል ቃል የመጣ ነው ይላል። ሌላው በጥንት ተረቶቻችን ካለ አንድ ንጉሥ ስም ጋር ያያይዘዋል። እርግጡን የሚያውቅ ግን የለም።»

የሚያውቅ የለም ሲሉ ውስጤ ያለው ጉረኛ ብድግ አለ። እኛ ሐበሾች የንጉሥና የዘር ወሬ ሲነሳ ዝም ማለት አይሆንልንም። «እኛ ዘንድ ዘሩን የሚያውቅ ሰው ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ያለዚያ ጋብቻም የለ። እስቲ እርስዎ ይቁጠሩ» አልኳቸው እየሳቅኩ።

አባታቸውን ጠሩ፣ አያታቸውን ጠሩ፣ ቅድመ አያታቸው ጋ ቆሙ። ሸንኮራ አገዳ ሊቆርጡ ከህንድ በመርከብ ናታል ወደሚባለው የዚህ አገር ጠረፍ የገቡት እኚህ ቅድመ አያት ናቸው። የመርከቡ መዝገብ ላይ የተጻፈላቸው አንድ ስምና አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስሙም ፓንዲያ።

«ታዲያ ንጉሥ ሸንኮራ ይቆርጣል እንዴ?» አልኩ። ለቀልድ ነበር፤ ልጅቷ ግን ብዕሯን አስቀመጠች።

«እስቲ አንተ ቁጠር» አሉኝ አንክል፣ ሳይቀየሙ።

እኔ የማውቀው እስከ ሦስት ነው። አባቴ ከዚያ በላይ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ሦስተኛው ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። የጎረቤታችንን አባት፣ የእድራችንን ዳኛ፣ አከራያችንን፣ በመጨረሻም የሒሳብ አስተማሪዬን ቅድመ አያቶቼ አድርጌ ሰባት ሞላሁ። ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም። ከሩዙ ይልቅ ጉራ መቸርቸር ይቀናኛል።

አንክል በአድናቆት አዩኝ። «አየሽ፣ የሚያውቁ ሰዎች እንዲህ ናቸው» አሏት ልጃቸውን። ያኔ ቀልዴን ነው ማለት እችል ነበር። ግን ሩዜን ጭኜ ወጣሁ።

በሳምንቱ ስመለስ ሻዩን አቀረቡልኝና ደብተሩን ገለጡ። ስለ ነገሥታቱ የተጻፈው በሙሉ ተሰርዟል። የቀረው የመርከቡ ታሪክ ብቻ ነው።

«አባቴ ሊሞት ሲል፣ የንጉሥ ስም ነውና ጠብቀው ብሎኝ ነበር» አሉ። «አንተ ግን እውነትህን ነው። አባቶቹን መቁጠር የማይችል ሰው ምኑን ይጠብቃል?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከሰባቱ አራቱ ውሸት ናቸው ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ልጅቷ ታየኛለች፤ አንክል መልሴን ይጠብቃሉ።

«ጥሩ አድርገዋል» አልኳቸው።