የጠዋቱ ኪኒን

የአንጎልና የነርቭ ሐኪም ነኝ። ደብረ ማርቆስ የመጣሁት ለጥናት ነው፤ ደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ስትሮክ እስኪጥላቸው ድረስ ኪኒናቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ ላጠና። እውነቱን ለመናገር መልሱን ሳልመጣም የማውቀው ይመስለኝ ነበር። መጠይቁን ያዘጋጀሁት እኔው ስሆን ምርጫው ሦስት ብቻ ነው፤ ረሳ፣ አለቀበት፣ አልፈለገም።

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ከደብረ ወርቅ አካባቢ አንድ ቄስ በሚኒባስ ተጭነው መጡ። ሰኔ ላይ ግፊታቸውን ለክቼ መድኃኒት ያስጀመርኳቸው እኔ ነበርኩ። ያኔ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ፤ ሰዓቱን እንዳያዛንፉ አጥብቄ ሳስጠነቅቃቸው «ኧረ አንቺስ ከየኔታም ትብሻለሽ!» ብለው ስቀውብኛል። አሁን ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፣ አፋቸው ተጣሟል፣ ቃል አይወጣቸውም።

ባለቤታቸው ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን ኪኒን ፈትተው አሳዩኝ። ግማሹ እንዳለ ነው። ደሜ ፈላ።

«ምን ነካችሁ? ይተዉት ያላቸው ማነው?» ብዬ ጮህኩ። መጠይቁ ውስጥም «አልፈለገም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ።

ሴትዮዋ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ይዋጡ ብለሽ የለ? ፍልሰታን ሙሉ ሲቀድሱ ነው የከረሙት። ውሃ ሳይቀምሱ ኪኒን እንዴት ይዋጣል?»

«ከቅዳሴ ሲወጡስ?»

«ሰዓቱ ካለፈ እንዳይነኩት ያልሽው አንቺ! 'የሐኪም ቃል አላፈርስም' ብለው ተዉት።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔ የቄስ ልጅ ነኝ! አባቴ በሚቀድስበት ቀን ጠብታ ውሃ እንኳ አፉ እንዳይገባ ሲጠነቀቅ እያየሁ ነው ያደግኩት። ነጭ ጋውን ስለብስ ይህን ሁሉ የት ጣልኩት? «ማታ ማታ ይዋጡ» ማለት ምን ይከብደኝ ነበር? በራሴ አፈርኩ። ምልክቱን ሰረዝኩና ከጎኑ «ሐኪሟ አልጠየቀችም» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ለክትትል ይመጣሉ። እግራቸው ተሽሎታል፣ በምርኩዝ ይራመዳሉ። ንግግራቸው ግን አልተመለሰም። መቀደሱ ቀረ፤ የንስሐ ልጆቻቸውም ሌላ አባት ያዙ።

ባለፈው ቀጠሮ በሩን ዘጋሁና ባለቤታቸው ባሉበት ነገርኳቸው። «አባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሰዓቱን ሳዝልዎ ስለ ቅዳሴዎ አልጠየቅኩም። ይፍቱኝ» ብዬ ጎንበስ አልኩ።

ዕድሜ ልክ ሲደጋገም የኖረ ቃል አንዳንዴ ከስትሮክ እንደሚተርፍ በሥራዬ አይቻለሁ። ተስፋ ያደረግኩት «እግዚአብሔር ይፍታሽ» የሚለውን ነበር። መስቀላቸውን በግራ እጃቸው ከደረታቸው አውጥተው ግንባሬ ላይ አሳረፉት።

«እግ...» አሉ። «እግ... እግ...»

መስቀሉን ከግንባሬ አላነሱም። ባለቤታቸው «ይተዉት በቃ፣ ገብቷታል» አሉ። እሳቸው ግን አልተዉም። እኔም ቀና ማለት አቃተኝ።