የታሸገው መዝጊያ

ጉለሌ ውስጥ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ቀድሞ የአንድ ባላባት ግቢ ነበር። ደርግ ከወረሰው በኋላ ለእኛ ተሰጠ። አጥሩ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በሩ ግራና ቀኝ ወፋፍራም የድንጋይ አምዶች አሉት፤ በላያቸው ቅስት ያርፋል። ስለ ቅስት ሳስተምር ተማሪዎቼን እዚያ አቆማቸውና «አንዱ አምድ ከተነሳ ሁሉም ይናዳል» እላቸው ነበር።

አንድ ጊዜ አዳዲስ ዴስኮች በጭነት መኪና ሊመጡልን ሆነ። ዳይሬክተራችን የበሩን ስፋት ለክቼ ለቀበሌ እንዳሳውቅ አዘዙኝ። ሁለት ጊዜ ለካሁ። መኪናው እንደማይገባ ጽፌ፣ ከሥሩ አስምሬበት ላክሁ። መልሱ ቶሎ መጣ፦ ቅዳሜ የቀኙ አምድ ይፍረስ። ያ ሁሉ ድንጋይ በእኔ ወረቀት ሊናድ ነው!

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ከደጅ ቆሟል፤ ሁለት ሠራተኞች ዲጂኖ ይዘዋል፤ የቀበሌው ሊቀመንበርም መጥተዋል። ከባላባቱ ዘመን ጀምሮ በሩን የሚጠብቁት አዛውንት ዘበኛ አጠገቤ መጡ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«አምዱን ሊያፈርሱ። መኪና አያስገባማ፣ አባባ።»

«ታዲያ የጌቶች መኪና በሰማይ ነበር የሚገባው? ግራውን መዝጊያ ክፈቱት እንጂ!»

ዞሬ አየሁት። ግቢው ከተወረሰ ጀምሮ በወረቀት እንደታሸገ ነው። እሽግ የሚነካ ስለሌለ ሁላችንም በቀኙ መዝጊያ ብቻ እንገባ ነበር፤ ግራውን እኔም ከግድግዳው ቆጥሬዋለሁ። የለካሁት የበሩን ግማሽ ነው።

«ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ?»

«ሜትር ይዘህ ስትንጎራደድ ማን ደፍሮ ያናግርሃል!»

ስህተቴን ለሊቀመንበሩ ተናገርኩ። እሳቸው ግን የተጨነቁት በወረቀቱ ነው። «አምዱን እኔ አስፈርሳለሁ» አሉ፤ «እሽጉን የለጠፈው ግን የበላይ አካል ቢሆንስ?»

ሠራተኞቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን አዞሩ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ቀረብ ብለው መረመሩት። የስንት ክረምት ዝናብ አጥቦት ማኅተምም ፊደልም አልቀረውም።

«ምንም አይልም» አሉ።

«ምንም ካላለ አልከለከለም» አሉ ዘበኛው።

ሊቀመንበሩ ትንሽ አመነቱና ወረቀቱን በጥፍራቸው ላጡት። መዝጊያው ዝጎ ስለነበር ለአራት ገፋነው፤ እያቃሰተ ተከፈተ። መኪናው በሁለቱ አምዶች መካከል ቀስ ብሎ አለፈ፤ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ክንድ ተርፎት።

ሠራተኞቹ ዲጂኗቸውን ጥለው ዴስክ ማውረድ ጀመሩ። እኔ አምዱን ተደግፌ ቀረሁ።

«በል እንግዲህ መምህር» አሉኝ ዘበኛው፤ «አሁን ለካው።»

ሜትሬን አወጣሁ። አንዱን ጫፍ እሳቸው ያዙልኝ።