ታቢታ ሰም የቀባችው ወለል

ዕድሜዬን የጨረስኩት ፒያሳ ላይ የመኪና ጎማ ስሸጥ ነው። ስትሮክ ግራ ጎኔን መትቶኝ ታቦር ሰፈር ወዳለው የፊዚዮቴራፒ ማዕከል ሲወስዱኝ ወለሉን አይቼ ሳቄ መጣ። አሮጌ ጎማ ተፈጭቶ፣ ተጨፍልቆ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተነጥፏል። ስሸጠው የኖርኩት ጎማ ላይ ዳዴ ልል ነው ማለት ነው።

ወለሉን የምታጸዳው ታቢታ ናት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትሠራ መዝሙር የምታንጎራጉር ሴት ናት። ጠዋት ከውጭ የገባውን አሸዋ በለስላሳ መጥረጊያ ትጠርጋለች፤ ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ትወለውላለች። መወልወያውን አጥብቃ ትጨምቀዋለች፤ ውሃ ከበዛ በመጋጠሚያው ገብቶ ጎማውን ከሥር ያነሳዋል። በውጭ ጫማ ማንንም አታስገባም። የመጀመሪያ ቀን "ጋሽ ሱልጣን፣ ጫማዎን" ስትለኝ ጮህኩባት። ጎንበስ ብላ ራሷ አወለቀችልኝ።

እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነበር፤ መውደቅ። ቤቴ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ከወደቅኩ ወዲህ እግሬ ቢታዘዘኝም ልቤ እምቢ አለ። "ዳግመኛ ከወደቅኩ ከአልጋ አልወርድም" ብዬ ለቤተሰቤ ነግሬያለሁ። ግትርነቴን ስለሚያውቁ አልተከራከሩኝም። ሐኪሜ ናሆም ግን ቅዳሜ ያለ ከዘራ ትሄዳለህ ብሎ ቀን ቆረጠ።

ቅዳሜ ስደርስ ታቢታ በሩ ላይ መንገዱን ዘግታ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል። ከኋላዋ ወለሉ ያብለጨልጫል።

"ሰም ቀባሁት" አለች። "ዛሬ የእርስዎ ቀን ነው ብዬ፣ እንደ በዓል ቆጥሬው ነው። አሁን ስረግጠው ያንሸራትታል።"

በዓል ሲደርስ የሲሚንቶ ወለል ሰም ተቀብቶ እስኪያበራ ይታሻል፤ በየቤታችን የምናውቀው ነው። ለእኔ ክብር ብላ ጎማውንም እንደዚያው አደረገችው። ልቆጣ አፌን ከፍቼ ተውኩት። ናሆም ሌላ ቀን እናድርገው አለ። ራሴን ስለማውቅ እውነቱን ነገርኩት። "ዛሬ ከተመለስኩ አልመጣም።"

ታቢታ ይህን ስትሰማ ባልዲዋን አነሳች። ጋዝ ቢሆን ሰሙን ቶሎ ያስለቅቀው ነበር፤ ጎማውን ግን ይበላዋል። ስለዚህ በለብታ ውሃ፣ በሳሙናና በብሩሽ፣ ተንበርክካ ከዳር ጀመረች። እኔ በር ላይ ወንበር ተሰጥቶኝ አያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሠራተኛ ሳይ እንከን ነበር የምፈልገው፤ ያን ቀን መፈለጉንም ረሳሁት። አሸች፣ አለቀለቀች፣ በደረቅ ጨርቅ አደረቀች።

ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ልትወድቅ ሞከረች። እውነቴን ነው፣ ሆን ብላ። ሮጣ ድንገት ትቆማለች፤ በአንድ እግሯ ትዞራለች። ቀጥሎ ግራ እግሯን እየጎተተች፣ ትከሻዋን ወደ ግራ ጥላ መሄድ ጀመረች። የእኔ አካሄድ ነበር። እኔ ስጮህባት እሷ ለካ እግሬን ታይ ነበር። የምረግጠውን ቦታ ሁሉ በእኔ አካሄድ ረግጣ ሞከረችው። ሱብሃነላህ፣ አልኩ በልቤ፤ ለእኔ እንዲህ የተጨነቀ ሰው አይቼ አላውቅም።

"አሁን ይግቡ" ብላ ወዲያኛው ግድግዳ ሥር ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

ከዘራዬን ለናሆም ሰጠሁት። አንድ እርምጃ ረገጥኩ፤ ጎማው እግሬን ያዝ አደረገልኝ። መሐል ላይ ልቤ ከዳኝ። እሷን እሷን እያየሁ ቀጠልኩ፤ ደረስኩ።

ልትነሳ ስትል ጉልበቷ እምቢ አላት። ደህነኛውን እጄን ዘረጋሁላት።

"ይተዉ ጋሽ ሱልጣን፣ ይወድቃሉ።"

"እዚህ ወለል ላይ?" አልኳትና ሳብኳት። ተነሳች። ከታመምኩ ጀምሮ ሰው ሲያነሳኝ ነበር የኖርኩት፤ ሰው ሳነሳ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።