ክንዴና የእህቴ ሰበዝ

ባለፈው ሳምንት መካነ ሰላም ውስጥ ካለ አንድ ክሊኒክ ለምርመራ ደም ልሰጥ ተቀምጬ ነበር። ነርሷ የቀኝ እጅጌዬን ጠቅልላ ከክርኔ በላይ ቢጫ ላስቲክ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና "ጨብጥ" አለችኝ። ጨበጥኩ። አልኮል የነካው ጥጥ የክርኔን እጥፋት ሲያብሰው ቀዘቀዘኝ፤ ሽታው አፍንጫዬን ወጋው። የደም ሥሩ ቶሎ አልወጣላትም። በሁለት ጣቷ መታ መታ ስታደርገው ቆየች፤ ጣቶቼ መደንዘዝ ጀመሩ።

"ይቺ ክንድህ ጠመም ብላለች፤ ምን አግኝቷት ነው?"

"በልጅነቴ ወድቄ ነው።"

"ወጌሻ ነው ያሰራት?"

"አዎ። እህቴ ደግሞ ፈታቻት።"

ነርሷ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። መርፌው ገባ፤ ላስቲኩም ተፈታ። ድንዛዜው ግን ያን ቀን ሙሉ ከጣቶቼ አልወጣም። ከላስቲኩ ሳይሆን ከዱሮ የመጣ ድንዛዜ ነበር።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። አባቴ ቄስ ነው፤ አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረችው። ውኃ አጠጥቻት ስመለስ፣ ማንም አያየኝም ብዬ ወጣሁባት። በቅሎዋ ከዚያ በፊት ባጃጅ በቅርብ አይታ አታውቅም። አንዱ ከጀርባዋ መጥቶ ጡሩምባውን ሲያስጮኸው እሷ ወደ አንድ በኩል ዘለለች፣ እኔ ወደ ሌላው።

የወደቅሁት መዳፌን ዘርግቼ ነው። ሰው ሲወድቅ ምድርን በእጁ ሊመልሳት ይሞክራል። እንዲህ ሲሆን ኃይሉ ከመዳፍ ተነስቶ በክንድ በኩል ወደ ላይ ይወጣና፣ የላይኛው አጥንት ከክርን በላይ በሚሳሳበት ቦታ ይሰብረዋል። ይሄን የተማርኩት በኋላ ነው። ያን ቀን የማውቀው እንደ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የጮኸውን ድምፅ ብቻ ነበር።

ወጌሻው ከሰፈራችን ዝቅ ብሎ የሚኖሩ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። በገበያ ቀን አንጓው የዞረ፣ ቁርጭምጭሚቱ የወለቀ ሁሉ ደጃቸው ላይ ይሰለፋል፤ አብዛኛው ድኖ ይሄዳል። ቤታችን ድረስ መጡ። ቅቤ አሙቀው ክንዴን አሹት፤ አባቴ ከትከሻዬ ያዘ፣ እሳቸው ከአንጓዬ ጎተቱ።

"አብሽር፣ አብሽር ልጄ። ጩኽ ግዴለም፤ በቅሎ የጋለበ ጎበዝ መጮህ አያቅተውም።"

አባቴ ሳይቀር ሳቀ። ክርኔን አጥፈው፣ የቀርከሃ ፍልጥ ዙሪያውን ደርድረው፣ በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ጠመጠሙት። የመጨረሻውን ቋጠሮ ከቋጠሩ በኋላ እጃቸውን ላዩ ላይ አኖሩና "ይሄን የምፈታው እኔ ነኝ። ሌላ እጅ ከገባበት አጥንቱ ይሸሻል" አሉ።

በእኛ አገር ይሄ ሕግ ነው። የወጌሻን እስር ያሰረው ይፈታዋል። ያለ ምክንያት የወጣም አይደለም፤ አሳከከኝ፣ ጠበቀኝ እያለ ቀድሞ የሚፈታ ብዙ ነው፤ አጥንቱም ሳይገጥም ይቀራል። እሳቸው ግን ከቤታችን ሲወጡ ከወደ ኩታበር መርዶ ደረሳቸው። በዚያው ወደ ለቅሶው ሄዱ።

ከቀትር በኋላ ሕመሙ ከክርኔ ወርዶ ክንዴን ከፊት በኩል ሞላው። የሚወጋ ሕመም አልነበረም፤ ከውስጥ የሚወጥር ነበር፣ ከልክ በላይ እንደተጠቀጠቀ ስልቻ። ለእናቴ ነገርኳት።

"ስብራት እኮ ነው ልጄ። ያምሃል እንጂ ምን ያደርግሃል? ቻለው።"

ታላቅ እህቴ ከበሩ ብርሃን ተቀምጣ ስፌት ትሰፋ ነበር። እንድረሳው ብላ መሰለኝ አንድ ሰበዝ መዘዘችና ከእስሩ በወጡት ጣቶቼ መካከል አኖረችው። "ይሄን ያዝልኝ፣ ስጠይቅህ ታቀብለኛለህ" አለችኝ። ቆይታ እጇን ዘረጋች።

"አምጣ።"

"እንኪ።"

"የቱን?"

ሰበዙ መሬት ላይ ነበር። መቼ እንደወደቀ አልተሰማኝም።

ስፌቷን አስቀምጣ መጣች። ሁለቱን እጆቼን ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው። ግራው የሰው እጅ ነበር፤ ቀኙ ያበጠና የገረጣ። ጥፍሬን ተጫነችና ለቀቀችው፤ ነጭ ሆኖ ቀረ። ከዚያ የታጠፉትን ጣቶቼን ቀስ ብላ ልትዘረጋ ስትሞክር የጮህኩት ጩኸት፣ አጥንቴ ሲጎተት ከጮህኩት ይበልጥ ነበር።

ተነስታ የበግ ጠጉር የምንሸልትበትን መቀስ ከግድግዳው አወረደች።

"አንቺ! ምን ልትሆኚ ነው?" አለች እናቴ።

"ልፈታው።"

"ተይ ብያለሁ! እሳቸው ናቸው ያሰሩት፣ እሳቸው ይፍቱት። ሲመለሱ ይደረሳል።"

"እሳቸው ለቅሶ ናቸው። እጁ ያለው እዚህ ነው።"

"ኋላ ቢጣመም ማን ሊጠየቅ ነው?"

"እኔ።"

መቀሱ የላኖሊን፣ የበግ ጠጉር ቅባት፣ ሽታ ነበረው ብል ዛሬ ያነበብኩትን መጨመሬ ነው፤ ያኔ የበግ ይሸት ነበር። ጨርቁን ከአንጓዬ ጀምራ ወደ ላይ ቆረጠችው። ፍልጦቹ አንድ በአንድ ወደቁ። ቆዳዬ ላይ የነጠላው ድርና ማግ ታትሞ ነበር። ክርኔን ከታጠፈበት ትንሽ ላላ አደረገችው፤ ደሙም ተመለሰ። በውርጭ የደነዘዘ እጅ እሳት ሲጠጋ እንደሚያደርገው አቃጠለኝ፤ አለቀስኩ።

"አልቅስ" አለችኝ። "ስታለቅስ ደስ ይለኛል።"

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ክንዴን በትራስ ደግፈው ወደ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ሰው በዝቶ ነበር። ያየኝ ባለሙያ "ማን ፈታው?" ብሎ ጠየቀ፤ እህቴም "እኔ" አለች። ጀሶ እንዲደረግልኝ አዘዘና ወደሚቀጥለው በሽተኛ ዞረ። እናቴ ጥያቄውን እንደ ክስ ነው የሰማችው።

ጀሶው ሲወጣ ክንዴ ከክርኑ ወደ ውስጥ ጠሞ ነበር። ዲያቆን ስለነበርኩ ጸናጽል ባነሳሁ ቁጥር ለምዕመናን ሁሉ ይታይ ነበር። ወጌሻው መንገድ ላይ ሲያገኙን "አብሽር ልጄ" ብለው ራሴን ዳሰሱኝና፣ ወደ እናቴ ዞረው "እኔ ምን ልበል? እስሬ ተፈቷል" አሉ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ክንዴን ባየች ቁጥር "ባትነካው ኖሮ" ትል ነበር። ጮክ ብላ አይደለም፤ ለራሷ እንደምታወራ ነው። እህቴ ሌላ ሰበዝ መዝዛ መስፋቷን ትቀጥል ነበር።

ሌላም ነገር ቀርቶ ነበር። የአውራ ጣቴና የአመልካች ጣቴ ጫፍ አይታጠፍም። ሁለቱን አጋጥሜ ቀለበት ልሠራ ስል ጠፍጣፋ ሆነው ይቀራሉ። እህቴ ጠዋት ጠዋት ሰበዝ መዝዛ "ያዝ" ትለኛለች። እይዛለሁ። ትስበዋለች፤ ሾልኮ ይወጣል። "ነገ" ትልና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ክረምቱ ገብቶ ወጣ። አንድ ጠዋት ስትስበው ሰበዙ ከእኔ ጋር ቀረ። አውራ ጣቴ ጫፉ ላይ ጎበጥ ብሎ ነበር። አልጨፈረችም። እጄን ገልብጣ፣ ጣቴን ደጋግማ አየችና "በል አሁን ራስህ ቆሎህን ልቀም" አለችኝ።

በኋላ እሷ አቀስታ ተዳረች። እኔ ስልክ መጠገን ለመድኩ፤ ቀኑን ሙሉ ወረንጦ የምይዘው በእነዚያ ሁለት ጣቶች ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ነው የጤና ኮሌጅ ከጨረሰ ልጅ አንድ ያረጀ የአካል መጽሐፍ የገዛሁት። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ክንድና ክርን የሚለው ምዕራፍ ላይ ከረምኩ። የገዛ ክንዴ ላይ በእስክሪብቶ ሣልኩት።

ክርንህን ትንሽ አጥፈህ እጥፋቱን ብትዳስስ መሐል ላይ ገመድ የመሰለ ጅማት ታገኛለህ። ከእሱ ወደ ደረትህ በኩል አለፍ ስትል የደም ቧንቧው ይመታል። ከቧንቧው ቀጥሎ ነርቩ ይወርዳል። ነርሷ የምትወጋው ሥር ከእነዚህ በላይ ነው፤ በመካከላቸው ስስ ሽፋን አለ። ከዚያ በታች አንጓንና ጣቶችን የሚያጥፉት ጡንቻዎች እንደ ጠንካራ ከረጢት በማይለጠጥ ሽፋን ተጠቅልለዋል። ክንድ አብጦ ከውጭ ደግሞ ከታሰረ ደሙ መግቢያ ያጣል። ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ ከዚያም ጣቶች እንደ ጥፍራም ወፍ እግር ታጥፈው ለዕድሜ ልክ ይቀራሉ። የጣቶቼን ጫፍ የሚያዘው ደግሞ ከዚያ ነርቭ የሚወጣ አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ነው፤ ስብራቱ የጎዳው እሱን ነበር።

አጥንቱ የጠመመው ሲታሰር ስላልገጠመ ይሁን፣ ስለተፈታ ይሁን፣ ጀሶው ውስጥ ተንሸራቶ ይሁን በእርግጠኝነት አላውቅም። የጠመመ ክንድና የሞተ እጅ ግን አንድ አይደሉም።

ይሄን በስልክ መናገር አልፈለግሁም። በሚኒባስ አቀስታ ሄድኩ። ብርድ ነበር፤ እህቴ ጋቢ ደርባ ከበሩ ብርሃን ተቀምጣ ትሰፋ ነበር። ሁለት ጣቷን ወስጄ የገዛ ክርኗ እጥፋት ላይ አኖርኩት።

"ይመታል?"

"ቆይ... አዎ፣ ይመታል።"

"የእኔ ያን ቀን ሊቆም ነበር። መቀሱን ባታወርጂ ይሄ እጅ ዛሬ የለም።"

ሁሉንም በቅደም ተከተል አስረዳኋት። ጣቷን ከክርኗ ሳታነሳ ሰማችኝ።

"እና ልክ ነበርኩ?"

"ልክ ነበርሽ።"

ጣቷን ከክርኗ አነሳች።

"እማዬ ሰምታዋለች?"

"እኔም ያወቅሁት እሷ ካረፈች በኋላ ነው።"

ራሷን ነቀነቀች። ወደ ውጭ፣ ወደ ገብሱ ማሳ ተመለከተች። ከዚያ ከጎኗ ካለው እስር አንድ ሰበዝ መዘዘችና ወደ እኔ ዘረጋችው።

"እስቲ ያዝ።"

በሁለቱ ጣቶቼ ጫፍ ያዝኩት። ሳበችው፤ አለቀቅሁም። ጠንከር አድርጋ ሳበችው። ሰበዙ ከመካከል ተበጠሰ፤ ግማሹ እሷ ጋ፣ ግማሹ እኔ ጋ ቀረ።