የኻሊድን ስም ያስቀረሁት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። ባሌ እንኳ ሳልነግረው ሞተ። የምታነቡት እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ፤ ደግሞ አትዘኑልኝ።

ከሮቢት ጎብዬ፣ ከጎብዬ ዋጃ፣ ከልጅ ቤት ልጅ ቤት ስዞር የምኖር አሮጊት ነኝ። በየደረስኩበት «የዋህ ናት፣ ከአፏ ክፉ አይወጣም» ይሉኛል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ከአፌ የወጣውን እኔ አውቀዋለሁ!

ምራቴ ዘይነባ ወንድ ልጅ የወለደች ጊዜ ስም ለማስወጣት ወደ ሸሁ የተላክኩት እኔ ነበርኩ። ሸሁ ዱዓ አድርገው ያወጡትን ስም ትልቅ ሴት ተቀብላ ታመጣለች፤ «እውነት እንዲህ አሉ ወይ?» ብሎ የሚጠይቃት የለም። ዘይነባ እጄን ይዛ ለመነችኝ። አባቷ ኻሊድ ወንድ ልጅ ሳይተካ ሞቷል። «እማ፣ ሸሁ ከፈቀዱ የአባቴን ስም ይስጡልኝ። በዚህ ቤት ሲጠራ ልስማው» አለችኝ።

ነገርኳቸው። ሸሁ ደስ አላቸው። «ኻሊድ ማለት በአረብኛ ነዋሪ፣ የሚዘልቅ ማለት ነው። ከነቢዩ ባልደረቦች፣ ከሶሃቦችም በዚህ ስም የተጠሩ አሉ። አላህ ያቆየው» ብለው ዱዓ አደረጉ። እኔም አሚን አልኩ። በዚሁ አፌ አሚን አልኩ!

መንገድ ላይ ግን ወባ የቀጠፈብኝ የበኩር ልጄ፣ ጃቢር ትዝ አለኝ። የሷ አባት ሊጠራ፣ የኔ ልጅ ሊረሳ ነው? ቤት ስደርስ «ሸሁ ጃቢር ብለውታል» አልኩ።

ዘይነባ ፊቷ ጠቆረ። «የአባቴን ስም አልነገሯቸውም እንዴ?»

«ነገርኳቸው እንጂ። ይህ ስም ለልጁ አይበጀውም አሉ።»

ባሏ፣ ልጄ፣ «ሸሁ ካሉ አለቀ! አንቺ ከሸሁ ልትበልጪ ነው?» ብሎ ሳቀባት። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ስሙን መቀማቴ አልበቃኝም? ያንን መርዝ ለምን ጨመርኩበት? ጃቢር የተሰበረ የሚጠግን ማለት ነው አሉኝ። የማንን ስብራት? የኔን! ለዚያ ሕፃን ሐዘኔን አሸክሜ የእናቱን ልብ ሰበርኩ። ዘይነባ ከዚያ ወዲህ አባቷን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ምን ሠርቶ ይሆን ሸሁ ስሙን የጠሉት?» እያለች የሞተ አባቷን ስትጠረጥር ኖረች። እኔ እያየሁ። ከእጇ እየበላሁ!

ዘንድሮ ጃቢር ራሱ ወንድ ልጅ ወለደ። ቆቦ እቤቱ ተሰብስበን ሳለ ሚስቱ፣ «የእማ ዘይነባን አባት ስም ብናወጣለትስ?» አለች። ዘይነባ ደነገጠች። «ያንን ስም ተይው ልጄ፣ አይበጅም።»

የኔን ውሸት በሷ አፍ ሰማሁት። ዝም አልኩ። እንደገና ዝም አልኩ!

በቃ። ሸሁ ሞተዋል፤ ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ዘይነባ፣ አባትሽ ምንም አላደረገም። ሸሁ ስሙን ወደውት ዱዓ አድርገውበታል፤ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። ልጄ ሞቶብኝ ነው አልልሽም፤ ልጅ የሞተበት ሁሉ አይዋሽም። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝም አልልሽ፤ የኔን ጉዳይ ለአላህ ተይው። አንቺ ግን የሕፃኑ ስም ሳይወጣ ተነሽና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ አባትሽን ጥሪው።