የቀንበሩ ሚስማር

መርሳ ከተማ ያለው የትምህርት ቤታችን የቅርስ ክፍል በሩ ሲከፈት ቀድሞ የሚቀበለኝ ሽታ ነው፤ ቅባት የጠጣ ጠፍርና የበሬ ላብ የተዋሐዱበት የአባቴ ቀንበር ሽታ። ያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ ወዲያው የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እሆናለሁ፣ ጥፋቴም ተከትሎኝ ይመጣል።

በጋ ላይ ነበር። የባህል ክበባችን መምህር የአካባቢያችንን ቅርስ ራሳችን እንድንሰበስብ አስበው፣ አንድ አሮጌ ክፍል አስጠርገውን «ከየቤታችሁ የጥንት ዕቃ አምጡ» አሉን። ልጆቹ የተሰነጠቀ እንስራ፣ እጀታው የወለቀ ማጭድ፣ አይጥ የበላው ስልቻ ያመጡ ነበር። እኔ ደግሞ መበለጥ አልወድም! ከቤታችን ክፈፍ ስር ተሰቅሎ የሚከርመውን፣ አያቴ የጠረበውን ቀንበር ማንንም ሳልጠይቅ በትከሻዬ ተሸክሜ ሄድኩ። ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ፣ መምህሩም ትልቁን ሚስማር ለእኔ ሰጡኝ። በካርቶን ላይ «በድሮ ዘመን ይታረስበት የነበረ ቀንበር» ብዬ በቆንጆ ጽሕፈት ጽፌ ከስሩ ለጠፍኩ። በበጋ ቀንበር ማንም አይፈልግምና ቤት ውስጥ የጠየቀኝ አልነበረም።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባቴ በሬዎቹን አውጥቶ ወደ ክፈፉ እጁን ቢሰድ ባዶ ሆነበት። ወይ ጉድ! እውነቱን አወጣሁ። ያ እርጥበት ካመለጠ ማሽላው አይበቅልም፣ ዝናብ የጣለ ቀን ደግሞ ቀንበር የሚያውስ ጎረቤት የለም፣ የክፍሉ ቁልፍም ሲሪንቃ በሚኖሩት መምህር ኪስ ነው። አባቴ አልመታኝም፣ አልጮኸብኝምም። በሚኒባስ ሲሪንቃ ድረስ ሲወስደኝ፣ ምነው በመታኝና በተገላገልኩ እያልኩ አለቅስ ነበር።

መምህሩ ደንግጠው አብረውን ተመለሱ። ክፍሉ ሲከፈት አባቴ ማንበብ ስለማይችል ካርቶኑን እንዳነብለት አዘዘኝ፣ አነበብኩለት።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ በቁሜ ድሮ ሆንኩ?» አለና፣ አላህ ይስጠው፣ ሳቀ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አያ ሰይድ፣ እርስዎን ሳልጠይቅ መስቀሌ የኔ ጥፋት ነው» አሉ መምህሩ።

«ግድ የለም መምህር። ልጆቹን ግን ግድግዳ ፊት ከሚያቆሟቸው ማሳ ይዘዋቸው ይምጡ፤ ሲታረስበት ይዩት።»

ማሽላችን ጀምበር ሳትጠልቅ ተዘራ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ዝናብ ሲጥል ቀንበሩ ከሚስማሩ እየወረደ ማሳ ይሄድ ነበር፣ የክበቡ ልጆችም ተከትለውት ይመጡ ነበር፣ አባቴም ተራ በተራ እርፍ እያስያዘ፣ ትልሙን ሲያጣምሙበት እየሳቀባቸው ያስተምራቸው ነበር። በጋ ሲገባ ራሱ ተሸክሞ መልሶ ይሰቅለዋል። ታዲያ በክረምት ከወልድያ እንግዳ መጥቶ ባዶ ሚስማርና ካርቶን ብቻ ሲያይ፣ እኔ መግቢያ ቀዳዳ ይጠፋኝ ነበር።

ዛሬ የክበቡ መምህርት እኔ ነኝ። ልጆቹ የሽማግሌዎቻቸውን ወግ በስልክ ይቀርጻሉ፣ ባለቤቱ ያልፈቀደውን ዕቃም አንቀበልም። አባቴ ወደ አኼራ ከሄደ ሦስት ክረምት ሆነው፤ ወንድሞቼ መሬቱን በትራክተር ያሳርሳሉ። ዘንድሮ የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ ማልጄ ሄጄ በሩን ከፈትኩ፤ ቀንበሩ እዚያው ተሰቅሏል። ምነው ያኔ ያሳፍረኝ የነበረውን ባዶ ሚስማር አንድ ጠዋት ብቻ ዳግም ባየሁት!