ከፌናን የተኮረጀ ለቅሶ

ፌናን ኦላና ከሰባተኛ ክፍል አንደኛ ናት። እናቷ በሕፃንነቷ ስላረፈችባት ያሳደጓት የአባቷ እናት ወይዘሮ ሸዋዬ ናቸው፤ እሷ በኦሮምኛ "አኮ" ትላቸዋለች። ላምበረት አጠገብ የነበረው የእርሻ ቦታቸው ለግንባታ ሲወሰድ አኮ ዘመድ ወዳለበት ወደ ሰንዳፋ ሄዱ። አባቷ ኦላና ደግሞ ልጁን ይዞ ሳሊተ ምሕረት ኮንዶሚኒየም ገባ።

"ጥናት አለሽ፤ ለክረምት ትሄጃለሽ" ይላታል። ክረምቱ ሲመጣ የክረምት ትምህርት አስገባት። እሷም አልተከራከረችም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አኮ የተዉላትን ሻሽ አሽትታ መልሳ ታጥፈዋለች። ሽታው ግን እየጠፋ ነው።

አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ አማካሪ ቲቸር ሰምሃል ታብሌቶች ይዛ ክፍል ገባች። ታብሌቶቹ ላይ ያለው፣ የተጨነቀ ወይም ያዘነ ልጅ ካለ ቀድሞ ለማወቅ የሚረዳ መጠይቅ ነው።

"ፈተና አይደለም፤ የተሰማችሁን ብቻ ንኩ" አለች።

ማን ሰምቷት! ጥያቄ ባየ ቁጥር ዓይኑን ወደ ፌናን መወርወር የለመደ ክፍል ነው።

በማግስቱ ፌናንና አብረዋት አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡት ሊባንና ናኦሚ ተጠሩ። "ብቻዬን ስሆን አለቅሳለሁ" ለሚለው ሦስቱም "ብዙ ጊዜ" ብለዋል።

"ሊባን፣ አንተ ታለቅሳለህ?"

"እኔ? ኧረ ቲቸር! አርሰናል ሲሸነፍ ካልሆነ!"

"ናኦሚስ?"

ናኦሚ ሳቋን አፍና ወደ ጎን ጠቆመች። "ከፌናን ነው ያየነው። እሷ ተሳስታ አታውቅማ!"

ሁለቱ ተሳሳቁ። ፌናን አንገቷን እንደደፋች መቅረቷን ሲያዩ ግን ሳቃቸው ጠፋ።

"ፌኒ፣ የእውነትሽን ነው እንዴ?" አለ ሊባን ቀስ ብሎ።

ቲቸር ሰምሃል ሁለቱን ወደ ክፍል መልሳ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

"ምን ሆነሽ ነው፣ የኔ ቆንጆ?"

"አኮ ናፍቃኝ። በስልክ ድምጿን እሰማለሁ። ስልኩ ሲዘጋ ይብስብኛል።"

አባቷ ተጠርቶ መጣ። "በምን ወደቀች?" አለ ገና ከበሩ።

"አልወደቀችም። አያቷ ናፍቀዋት ነው።"

"አንደኛ እየወጣች?"

"አንደኛ እየወጣች።"

ኦላና ወንበር ስቦ ልጁ አጠገብ ተቀመጠ። "እኔም አኮ ከሄደች ወዲህ አንዴ ብቻ ነው የጠየቅኋት" አለ። "እናቴን በሰው ግቢ ማየት አቃተኝ።"

ቅዳሜ ጠዋት ኦላና ላምበረት መናኸሪያ የመጣው ወደ አኮ የምትሄደውን ልጁን ሊሸኝ ብቻ ነበር። ረዳቱ "ሰንዳፋ! የሞላ፣ ሰንዳፋ!" እያለ በሩን ሊዘጋ ሲል ኦላና ዘሎ ገባ።

"ጠጋ በይ" አላት።

ፌናን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከተማው አልቆ ማሳው ሲጀምር ናፍቆቷ የሚቀልላት መስሏት ነበር፤ እየቀረቡ ሲሄዱ እንዲያውም ባሰባት።